ለአገር ቤት የተለካ ቦት ጫማ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን ከሽንፋ እስከ ገለጉ ያለ የሰሊጥ ሠራተኛ ሁሉ ስለሚመሰክር ብደብቀውም ዋጋ የለውም። ካቦ ሆኜ ሠራተኛ ሳሠራ ሰባት አዝመራ አልፎኛል፤ የካቦ ሥራ ደግሞ ግማሹ መጮህ ነው። ያም ሆኖ በዚያ ዓመት በቦት ጫማ የተነሳ የጮህኩትን ያህል ጮኼ አላውቅም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አጨዳው ሊጀመር ሰሞን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አንዲት የሥራ ደህንነት ባለሙያ ወደ እርሻችን መጣች። አርባ የሚሆኑ አጫጆችን ከግራሩ ሥር ሰበሰብኩላት፤ ሁሉም ከደጋ የወረዱ፣ ገሚሱ ከጎጃም ገሚሱ ከወሎ። ልጅቷ ደንቡን ጥርት አድርጋ አስረዳች። አሠሪ የአደጋ መከላከያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛም የቀረበለትን የመጠቀም ግዴታ አለበት። እባብና ጊንጥ በማይጠፋበት እርሻ ላይ ደግሞ ረጅም ቦት ጫማ የግድ ነው አለች።

ከማንም በላይ ራሴን የነቀነቅሁት እኔ ነበርኩ። ባለፈው አዝመራ አንድ አጫጅ ነዶ ሲያነሳ እባብ ቁርጭምጭሚቱን ነድፎት፣ በትራክተር ተሳቢ ጭኜ መተማ ዮሐንስ ያደረስኩት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ እጄን ጨምድዶ ይዞ "እንዳልሞት፣ እንዳልሞት" ይለኝ ነበር። ሰውየው ዳነ፣ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ነዶ ሲነሳ ባየሁ ቁጥር እፈራለሁ። ቁጣዬም ግማሹ ፍርሃት ነው።

ስብሰባው ሊበተን ሲል አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ከጎጃም ደጋ የመጡ፣ ከአጫጆቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ማጭድ ሲይዙ ግን ጎረምሳውን የሚያስከነዱ ሰው ናቸው።

"የኔ ልጅ፣ ጫማው የኛ ነው ወይስ የጌታው?"

"የእናንተው ነው አባቴ" አለች ባለሙያዋ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

የእርሻው ባለቤት መተማ ዮሐንስ ላይ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው። "የእያንዳንዱን ቁጥር ጽፈህ አምጣ" ስላሉኝ እስክሪብቶ ይዤ ዞርኩ። አንዱ አርባ አንድ አለ፣ አንዱ አርባ አራት። ሽማግሌው "ሠላሳ ሰባት" አሉ። እኔም የሰው እግር ሳላይ የሰው አፍ ሰምቼ ጻፍኩ።

ጫማው መጣ፤ ታደለ፤ ምርቃቱም ዘነበ። በማግስቱ ጠዋት ግን አርባውም በየበረባሶውና በየኮንጎ ጫማው ወደ ማሳው ሲያዘግም አየሁ። አዲሱ ጫማ ከየጓዙ ውስጥ ተጠቅልሎ ትራስ ሆኗል። ጮህኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን "ያላደረገ አይሠራም" ስል "እሺ" ብለው ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ወጡ። ረፋድ ላይ ብሄድ አርባ ጥንድ ቦት ጫማ ከግራሩ ሥር በሰልፍ ተደርድሯል፤ ፀሐይ እንዳያገኘውም አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ጫማው ጥላ ሥር፣ ሰዉ ፀሐይ ላይ!

"ሁላችሁም፣ አሁኑኑ፣ እዚሁ ፊቴ ተጫሙ!" ብዬ አምባረቅሁ።

ተጫሙ። መቼም ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝለት፤ ወይም ልመኝለት፣ ይስቅ ነበር። አንዱ ጫማው ውስጥ እግሩ እየዋኘ ይንገዳገዳል። ሌላው ተረከዙ አልገባ ብሎ በጣቱ ቆሟል። ሽማግሌው ደግሞ ጣቶቻቸውን ብቻ አስገብተው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

"አባቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"የባለቤቴ ቁጥር ነዋ ልጄ" አሉኝ።

ለካስ ሁሉም የነገረኝ የራሱን ቁጥር ሳይሆን አገር ቤት ያለውን ሰው ቁጥር ኖሯል፤ የአባቱን፣ የወንድሙን፣ የልጁን። ሽማግሌው ረጋ ብለው አስረዱኝ። "ደጋው ጭቃ ነው፣ ብርድ ነው። እሷ ክረምቱን በባዶ እግሯ ነው ከብት የምታስገባው። አዲስ ጫማ ለአገር መግቢያ ነው እንጅ ለሰሊጥ አይዶለም።" ቀጥለው ወደ እግሬ ጎንበስ ብለው አዩ። "አንተስ? የአንተው የት አለ?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያደረግሁት ሰንደል ጫማ ነው። የእኔው ቦት ጫማ ከቆርቆሮ ሳጥኔ ውስጥ ነበር፤ ቁጥሩ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ጎንደር ላለችው እህቴ። እውነቱን ተናገርኩ። አጫጁ ሁሉ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ፣ እኔም አብሬያቸው በሳቅ ፈረስኩ።

ስቀን ሲወጣልን መላው መጣ። ጫማው እስከ አዝመራው መጨረሻ በየልኩ ይለዋወጥ፣ ሲያልቅም ታጥቦ ለየባለቤቱ ይመለስ ተባባልን። "የእኔ አንተ ላይ የሚያረጅ ከሆነ የአንተም እኔ ላይ ያርጅ እንጅ!" እያሉ ሁሉም አደረጉ። የእህቴ እንኳ እግሩ ትንሽ ለሆነ ወሎዬ ልክክ አለለት፤ የእሱም ለእኔ። ሠላሳ ሰባትን የሚሞክር ግን ጠፋ። አንድ ጥንድ ጎደለና ሽማግሌው በበረባሶ ቀሩ።

"ለኔ እግዜር አለልኝ" አሉ።

እግዜር እንዳለ እኔም አውቃለሁ፤ የዚያ ነዳፊ እባብ ወንድምም ከነዶው ሥር እንዳለ አውቃለሁ። ሰውየውን ወድጃቸዋለሁ፤ በተሳቢ ልጭናቸው አልፈለግሁም። ምሳ በልተው ጋደም ባሉበት እግራቸውን በሰሊጥ አገዳ ለካሁና በአይሱዙ ተሳፍሬ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ።

"ያ ዘውል፣ አንተ ሰው፣ ሰውየው ስንት እግር አለው?" ብለው ተቆጡ። የቁጥሩን ታሪክ ስነግራቸው ግን ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። አገዳውን ከጫማው ጋር ለክተው አርባ ሦስት ቁጥር ሰጡኝ። ከሱቁ ስወጣ ጠሩኝና "ይኼንንስ ለልጁ ቢያስቀምጠው ምን ልታደርግ ነው?" አሉኝ።

ወላሂ፣ አላሰብኩትም ነበር። መኪናው ላይ ስንገላታ ግን አሰብኩት። ሽማግሌው የሚሰስቱት ለአዲስ ነው። ስለዚህ ጫማው ማርጀት አለበት።

ጨርቅ ጎስጉሼ ሁለት ቀን ሙሉ ራሴ አደረግሁት። ዋልካው ጭቃ ውስጥ ተመላለስኩበት፣ በአገዳ ቁራጭ ፈተግሁት፣ የትራክተር ዘይት አፈሰስኩበት። ሠራተኛው ካቦአችን አበደ ሲል ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ፊት ይዤው ሄጄ "አባቴ፣ ይኼ አሮጌ ጫማ ሰፋኝ፣ ልጥለው ነው" አልኳቸው።

"ምነው ደህናው ጫማ ይጣላል? ወዲህ በለው እንጅ!" ብለው እዚያው ተጫሙት።

ሰሊጡ ደርቆ፣ የቆመው ነዶ መራገፍ በጀመረ በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው አንዱን ነዶ ብድግ ሲያደርጉ አንድ እባብ ከሥሩ ተወርውሮ እግራቸውን ያዘ። ሰዉ በመንሽ ተረባርቦ ገደለው። እኔ ተንበርክኬ ጫማውን ያዝኩ። ስስበው እግራቸው ንጹሕ ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም። ጎማው ላይ ሁለት የጥርስ ነጥቦች አሉ፤ ዘልቀው አልገቡም። ቁጡው ካቦ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሽማግሌው ነጥቦቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ጫማውን መልሰው ተጫሙና ቀጣዩን ነዶ አነሱ።

አዝመራው አልቆ ጫማው ሁሉ ታጥቦ ለየባለቤቱ ተመለሰ። አጫጆቹ መኪና ላይ ሲወጡ ሽማግሌውን "የባለቤትዎን ጫማ አልረሱም?" ብዬ ቀለድኩባቸው።

"ይዣለሁ" አሉና ጓዛቸውን መታ መታ አደረጉ። ቀጥሎም ዝቅ ብለው ጆሮዬ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ "ግን ልጄ፣ እሷ ጫማ አምጣልኝ ብላኝ አታውቅም። ስወጣ ያለችኝ፣ በእግርህ ተመለስልኝ ነው።"