መቀመጫው የት ነው?

አያቴ የማንንም አዲስ ቤት ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «መቀመጫው የት ነው?» ብለው ነበር። ተቀምጠው ሳያዩት ቤት አያመሰግኑም።

ጣና ዳር፣ ሹም አቦ ለሚባለው ሰፈራችን የፍሳሽ ማጣሪያ ቤት ስነድፍ ፕላኑን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ቆሻሻው ውኃ ገንዳ ውስጥ ይረጋል፣ ከዚያ ታንኳ በሚሠራበት ደንገል መካከል እየተጣራ ወደ ጣና ይወርዳል። ዙሪያውን በረጅም አጥር ሸፍኜዋለሁ። መነጽራቸውን አድርገው ፈልገው ፈልገው፣

«መቀመጫው የት ነው?» አሉ።

«አባባ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ እኮ ነው! ማን ይቀመጥበታል?» አልሁ ተናድጄ።

«ሰው የማይቀመጥበትን ማን ይጠብቀዋል፣ ልጄ? መበላሸቱን ቀድሞ የሚያውቀው አጠገቡ የተቀመጠ ነው።»

ሁለት ቀን አኮረፍኋቸው። በሦስተኛው አጥሩን አንስቼ ከደንገሉ ፊት ለፊት የድንጋይ መደብ ሣልሁ።

አያቴ ግን ተሠርቶ ሳያዩት አረፉ። አሁን መደቡ ላይ የሰፈሩ እናቶች ጥጥ ይፈትሉበታል። ባለፈው ሳምንት አንደኛዋ ደውላ «ዛሬስ ሸተተኝ» አለችኝ፤ ሄደን ብናይ ቱቦው ተደፍኗል። ከፍተን እንደጨረስን ለአባባ ልነግራቸው እየሮጥሁ ወደ ቤት መጣሁ።

በርጩማቸው ደጃፉ ላይ ብቻዋን ቆማለች።