እህት ቨርሊን ያልዘነጋችው ሁሉ
ሜከን፣ ጆርጂያ ውስጥ እንደ እህት ቨርሊን ተግል ነገር የሚመዘግብ ሰው የለም። የቤተክርስቲያኗ አስተናጋጆች ማኅበር ጸሐፊ ሆና ሠላሳ ዓመት ስታገለግል፣ ማን አርፍዶ እንደመጣ፣ ማን በስብከት መሃል እንዳንኮራፋ ሁሉ ጽፋለች። ባሏ ሲሞት የተረከበችውን፣ ደንበኛ ልብሱን ራሱ በማሽን የሚያጥብበትን ላውንደሪም የያዘችው በዚሁ አመሏ ነው፤ በግቢው የደረሰውን አንድ ሳታስቀር በደብተር ታሰፍራለች። የጻፈችውን ያህል ብትሠራ ኖሮ ምንኛ በተሻለ!

እህት ሎሬታ ስዊንት በቤተክርስቲያን ሃያ ዓመት ከጎኗ የተቀመጠች ወዳጇ ናት። አንድ አመሻሽ ላይ ያጠበችውን ልብስ ታቅፋ ከላውንደሪው ጀርባ ወዳቆመችው መኪና ስትሄድ፣ ሌባ ቦርሳዋን ነጥቆ ገፈተራትና ክንዷ ተሰበረ። ሌባው የገባበት አልታወቀም። ሎሬታም ቨርሊንን ከሰሰች። በአገሩ ሕግ የቤት ባለቤት ወንጀል ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ደንበኛውን ካልጠበቀ ይጠየቃል፤ ሌባው ቢጠፋ እሱ የት ይሄዳል?

የላውንደሪው ኢንሹራንስ ድርጅት ያቆመላት ጠበቃ አቶ ፔቲግሩ ከሳሿን እንዳታነጋግር ስላስጠነቀቃት፣ ቨርሊን ስምንት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ለብቻዋ ተቀመጠች። መዝሙሩ እንኳ አልጥም አላት።

ከችሎት በፊት በመሐላ ቃሏን የምትሰጥበት ቀን ሲደርስ ጠበቃው በር ላይ ያዛት።

«ወይዘሮ ተግል፣ ከዚህ በፊት እዚያ ወንጀል መድረሱን ያውቁ ነበር ከተባለ ላውንደሪው ራሱ ሊሸጥብዎት ይችላል። የተጠየቁትን ብቻ በአጭሩ ይመልሱ። ካላስታወሱ ‹አላስታውስም› ይበሉ።»

«እኔ የማላስታውሰው ነገር የለም።»

«ዛሬ እንኳ ትንሽ ቢኖርዎት ምናለ!»

ገቡ። ሎሬታ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች። ጠበቃዋ፣ አንደበተ ለስላሳ ወጣት፣ ገና ሲጀምር «ከዚህ በፊት በግቢዎ የደረሰ ነገር መኖሩን ያውቃሉ?» አላት።

ቨርሊን ደሟ ፈላ። «የቤቷን ነገር የማታውቅ ሴት እመስላለሁ?» አለችና ደብተሯን ከቦርሳዋ መዥረጥ አደረገች። ፔቲግሩ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሰኞ፦ የአቶ ሩፎስ መኪና መስታወት ተሰበረ። ጸለይኩ። ረቡዕ፦ ከማድረቂያው አራት ፎጣ ተሰረቀ። ጸለይኩ፤ ሁለቱ ተመለሱ። ቅዳሜ፦ አንድ ጎረምሳ የለስላሳ መጠጥ መሸጫ ማሽኑን በመዶሻ ሰበረ። የቤተክርስቲያናችን ልጅ ስለሆነ ስሙን አልጽፍም፤ እናቱ ኤስቴል ናት።»

«ከጸሎቱ ሌላ ምን አደረጉ?» አለ ወጣቱ።

«ጾምኩም።»

ገጹን ገለጠችና ቀጠለች። «ሐሙስ፦ እህት ሎሬታ ‹የጓሮው መብራት ከተቃጠለ ሰነበተ፣ ሰው ይጎዳል› አለችኝ። እህት ሎሬታ ነገር ማካበድ...» ማንበቧን አቆመች። ቀና ስትል የሎሬታን ክንድ አየችው፤ ዛሬም እንደ ልብ አይዘረጋም። ይህን መስመር ስትጽፍ ራሷን አስተዋይ አድርጋ ቆጥራ ነበር። አሁን ግን አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከጠረጴዛው ሥር የሆነ ነገር ቁርጭምጭሚቷን ነካት።

«አቶ ፔቲግሩ፣ እግርዎን ይሰብስቡልኝ» አለች። «ነገር ማካበድ ትወዳለች፣ ይላል። ሎሬታ፣ ነግረሽኝ ነበር። እኔ ግን አንዲት አምፖል እንኳ አልገዛሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ላውንደሪውን ውሰጂው። ብቻ ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

ሎሬታ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠራረገች። «ይቺን ቃል ያኔ ሆስፒታል መጥተሽ ብትይኝ መች ጠበቃ ደጅ እሄድ ነበር! ላውንደሪሽን ምን ላድርገው? የሐኪሙን ኢንሹራንስሽ ይክፈል። አንቺ ደግሞ ክንዴ እስኪበረታ ልብሴን ታጥቢያለሽ። በማሽን እንዳይመስልሽ፤ በእጅሽ!»

«በእጄ» አለች ቨርሊን እያለቀሰች።

ሁለቱ ጠበቆች በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ እኩል ተነሥተው «ዕረፍት እንውጣ» አሉ።