ከፍ ብሎ የተሰቀለው በር

አባቴ መኪና የሚያየው በጎኗ ነበር። ሌላው ሰው ፊቷንና መብራቷን አይቶ «ቆንጆ ናት» ይላል። እሱ ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሩና የመኪናዋ አካል በሚገናኙበት ቦታ ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ይከተላል። ክፍተቱ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ያች መኪና ለእሱ ቆንጆ አይደለችም፤ በቃ። ሠርግ ቤት ሄደን ሙሽሮቹን ትቶ የመኪናቸውን በር ሲያይ እናቴ በክርኗ ስትጎስመው ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ጋራዡ ጭሮ ውስጥ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእኔ የመለዋወጫ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። የእሱና የጓደኛው የጋራ ነበር። አባቴ ላሜራ ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ ይቀጠቅጣል፤ ጓደኛው ቀለም ይቀባሉ። ጓደኛው የገለምሶ ሰው ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ ሱብሂ ሰግደው እንደወጡ መጥተው ጋራዡን ይከፍታሉ፤ አባቴ ኪዳን አድርሶ ይደርስባቸዋል። ከሰዓት ጋሼ ወደ ጫታቸው ሲሄዱ አባቴ ሲሠራ ይቆይና ይዘጋል። አብረው በሠሩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ሲጨቃጨቁ አልሰማሁም። ያኔ ይህን እንደ ጸጋ ነበር የምቆጥረው። አሁን ምነው አንድ ቀን እንኳ በተጨቃጨቁ እላለሁ።

ያች አሮጌ መኪና ከበደሳ በጭነት መኪና ላይ ተጭና መጣች። ባለቤቷ ቡና ነጋዴ ነው፤ ከአባቱ የወረሳት ናት። ዓመታት ጓሮ ቆማ ዶሮ ሲያድርባት ኖራ፣ ከበሮቹ ሥር ያለውን ላሜራ ዝገት ጨርሶታል። ሰውየው «አባቴ ሲነዳት እንደነበረች አድርጉልኝ» አለ። አብዛኛው ሰው ወደዚህ ጋራዥ የሚመጣው ተጋጭቶ ነው፤ የተጨረማመተችውን ሚኒባስ ቶሎ አቃንተህ ወደ መስመሯ መልስልኝ ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረው ነው። መስተዋቶቿን፣ ወንበሮቿን፣ የበር ጎማዎቿን ሁሉ አውልቆ ቆርቆሮዋን ብቻ አስቀራት። የበሰበሰውን ቆርጦ ጥሎ በአዲስ ተካ። በዚያ ሰሞን ቤት ሲገባ ያፏጭ ነበር።

በሮቹ ላይ ሲደርስ ሥራው ቀስ አለ። የማጠፊያዎቹን ብሎኖች ላላ ያደርግና በሩን በትከሻው ደግፎ ጥቂት ወደ ላይ፣ ጥቂት ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ያጠብቃል፤ ይዘጋል። ከዚያ ሁለት የክብሪት እንጨት ደርቦ ይይዝና በክፍተቱ ዙሪያ ያስኬዳቸዋል። እንጨቶቹ የትም ሳይያዙ፣ የትም ሳይላሉ መዞር አለባቸው። አንድ ቦታ ከያዛቸው እንደገና ይፈታል። አንድን በር እንዲህ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። እኔ ከሱቄ ሆኜ ሳየው ወገቤን ያመኛል።

የሾፌሩ በር ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ። የኋላ ጫፉ ከሌሎቹ በሮች ይበልጥ ከፍ ብሏል። ብዙ አይደለም፤ ግን በዚያ ሰው ቤት ያደገች ልጅ ታየዋለች። ጋሼም አዩት። በዚያው ሰሞን የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮት ነበር፤ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ይንኳኳል። ጋሼ ብርጭቆውን አዩ፣ በሩን አዩ። «መስመሩ እንዴት ነው?» ብቻ ብለው ጠየቁት።

«ጋሪዳ» አለ አባቴ። ደህና ነው ማለቱ ነው፤ ከጋሼ ጋር ሲሆን ኦሮምኛ ጣል ማድረግ ይወዳል።

ለምን ከፍ እንዳደረገው አላስረዳም። ሥራውን ማስረዳት ልመና ይመስለው ነበር። ጋሼም አልጠየቁም። በእኛ ከተማ በሙያው የከበረን ሽማግሌ «ተሳስተሃል» አይሉትም፤ ስህተቱን ዞር ሲል ያቃኑለታል እንጂ። ይህን ጨዋነት እንለዋለን። እኔም እለው ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት አባቴ ከኪዳን ሲመለስ በሩ ፊት ቆሞ ቀረ። ነጠላውን እንኳ አላወለቀም። ክብሪቱን አውጥቶ አስኬደ፤ እንጨቶቹ ያለ ምንም ችግር ዞሩ። በሩ ከላሜራው ጋር ልክ ለልክ ሆኗል፤ ከፍ ያለ ነገር የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሱ ግን ብሎኖቹን በጣቱ ዳበሰ፤ ጥብቅ ናቸው። ቁልፉን አነሳና በሩን እንደገና ከፍ አደረገው። በማግስቱ መጥቶ ሲያየው በሩ ዝቅ ብሏል። ከፍ አደረገው። እንደገና ዝቅ አለ።

«ትናንት ያንን በር ከፍ አላደረግሁትም?» አላት እናቴን አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«እኔ በርህን ምን አውቄ» ብላ ሳቀች።

«አድርጌዋለሁ። በእጄ ነው ያጠበቅሁት።»

«እንግዲያው አድርገኸዋል።»

«ጠዋት ግን ዝቅ ብሎ አገኘሁት።»

እናቴ ሳቋን ተወች። የእሷ አባት ሲያረጁ መጀመሪያ የጠፋቸው የገዛ ሥራቸው ነበር፤ ያረሱትን ማሳ አላረስኩም፣ ያላረሱትን አርሻለሁ ይሉ ነበር። በመጨረሻ የልጃቸው ፊት ጠፋቸው። ያንን ሁሉ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ስለዚህ አባቴ ስለ በሩ ሲጠይቃት የሰማችው የአባቷን ድምፅ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባቂው ሆነች። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ራቅ ብላ ትከተለዋለች፤ እሷ እንዳያያት እየተሸሸገች፣ እሱ እንዳላያት እያስመሰለ። መላጫውን ደበቀችው። ከሰል ምድጃ አጠገብ ብቻውን አታስቀምጠውም። ገበያ ልኬው መንገድ ቢጠፋው ብላ እህልና ሽንኩርቱን ራሷ መሸከም ጀመረች። ይህን ሁሉ አባቴ ያያል። ሰው ሲጠበቅ ደግሞ መጠበቅ የሚገባው ሆኖ ይሰማዋል። አንድ ቀን ከማዕድ ተነስተን ገና እጃችንን ሳንታጠብ «በልቻለሁ እንዴ?» አለ፤ ለቀልድ ነበር። ማንም አልሳቀም።

የእናቴ ሆድ መታመም የጀመረው ያኔ ነው። እዚሁ ጭሮ ያያት ሐኪም ሐረር ሄዳ እንድትመረመር፣ ቶሎ እንድትሄድ ነገራት። እኔ ልወስዳት ተዘጋጀሁ። እሷ እሺ አትልም።

«እሱን ለማን ትቼ?»

«ለእኔ። ሱቁን እዘጋለሁ።»

«አንቺ ትቆጪዋለሽ። የጠፋውን ሰው እየተቆጡ አይመልሱትም።»

እውነቷን ነው፤ ቁጡ ነኝ። ተጣላን፣ ታረቅን፣ ደግሞ ተጣላን። እሷ «ትንሽ ሻል ሲለው» ትላለች። እሱ ደግሞ እንዴት ሻል ይበለው፤ በሩ በየጠዋቱ ዝቅ ይላል።

አንድ ከሰዓት አባቴ መዶሻዎቹን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ ቤት ገባ። ለጋሼ «ዓይኔ ደከመ» ብሏቸዋል። ለእኛ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እውነቱን ተናገረ። «የሠራሁትን አላውቀውም» አለ። «እኔ አንድ ነገር አድርጌ እሄዳለሁ፤ ጠዋት ሌላ ነገር አገኛለሁ። እንዲህ ያለ ሰው የሰው ንብረት አይነካም።» እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው። እኔ ወጥቼ ግቢ ውስጥ አለቀስኩ።

ሐረር የወሰድናት መቆም ሲያቅታት ነው። ጊዜው አልፏል አሉን። ወደ ቤት ስንመልሳት መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለ ራሷ አንድም ነገር አልተናገረችም። «አባትሽን አደራ» አለችኝ። «ብቻውን አትተዪው። ሲጠፋው አትቆጪው። እኔን ቢጠራኝ ሞታለች አትበዪው፤ ገበያ ሄዳለች በዪው።» እሺ አልኳት። በሁለተኛው ቀን አረፈች። አባቴ ለቅሶው ላይ ለመጣው ሰው ሁሉ በስሙ እየጠራ ነበር ምላሽ የሚሰጠው። አንድም ሰው ስሙ አልጠፋውም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አላየሁም።

ከአርባዋ በኋላ ጋሼ ያችን መኪና ሊጨርሷት ተነሱ። ቀለም ቀቧት፤ አማረች። ከዚያ በሮቿ ላይ መስተዋታቸው ገባ፣ የመስተዋት ማውረጃው ገባ፣ ቁልፉ ገባ፣ ጎማው ዙሪያውን ተለጠፈ። ሦስቱ በሮች በክብደታቸው ትንሽ ወርደው ልክ መስመራቸው ላይ አረፉ። ማጠፊያው ከሌሎቹ ይበልጥ ያረጀው የሾፌሩ በር ግን አብዝቶ ወርዶ የኋላ ጫፉ ከታች ያለውን ላሜራ ፋቀው፤ ሲዘጋ አዲሱን ቀለም ይዞት ይነሳል።

ጋሼ መንገዱን ተሻግረው ወደ ሱቄ ገቡ። ያለ ሰላምታ ነበር የገቡት፤ እንዲህ አድርገው አያውቁም። ወንበር ሳብ አደረግሁላቸው።

«ኢንተላኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያንን በር ዝቅ ሳደርገው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

አልገባኝም። ደገሙልኝ። ከሱብሂ መልስ ጋራዡን ሲከፍቱ፣ አባቴ ከኪዳን ሳይመጣ፣ ብሎኖቹን ፈትተው በሩን ዝቅ እያደረጉ ያጠብቁ ነበር። «እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ዓይኑም አብሮ የደከመ መሰለኝ። ባለቤቱ መጥቶ ከሚያሳፍረው እኔ ላቃናለት አልኩ። ወላሂ፣ ለክብሩ ብዬ ነው። እኔ ዘመኔን ሙሉ መስተዋት ያለው በር ነው የቀባሁት፤ ባዶ በር ከፍ ተደርጎ እንደሚሰቀል በምን አውቄ?»

«ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት» የሚሉት ይኸው ነው። ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ጺማቸው ረጥቧል። አባቴም እኮ ሊጠይቃቸው ይችል ነበር። ጋራዡን በጠዋት የሚከፍተው ማን እንደሆነ ያውቃል። ጓደኛዬ በሩን ነካብኝ ብሎ ከማሰብ አእምሮዬ ከዳኝ ብሎ ማመን ቀለለው። ሁለት ሽማግሌዎች እንዲህ ሲከባበሩ በመሐል እናቴን አሳጡን።

ሱቁን ዘግቼ አብረን ወደ ቤት ሄድን። አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ጋሼ ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጡና ለእኔ የነገሩኝን ነገሩት። አባቴ ሳያቋርጥ ሰማቸው።

«በየጠዋቱ?» አለ በመጨረሻ።

«በየጠዋቱ።»

«ታዲያ ከፍ ያለው ለምንድን ነው ብለህ አትጠይቀኝም ነበር?»

«አፈርኩ» አሉ ጋሼ። «አንተስ ብትጠይቀኝ?»

«እኔም አፈርኩ።»

እኔ የእናቴን አደራ አፍርሼ ልቆጣ፣ ወይ ላለቅስ፣ አላውቅም፤ ብቻ «አባዬ፣ ደህና ነበርክ። መቼም ምንም ሆነህ አታውቅም» አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ተለወጠ። አንድ ነገር ሲያሰላ አየሁት፤ ከበሩ ጀምሮ፣ ከእናቴ መከተል፣ ከሐኪሙ ቃል፣ እያንዳንዱን በተራ።

«ሐረር አልሄድም ያለችው ለምን ነበር?» አለኝ።

የነጠላዬን ጫፍ መጠቅለል ያዝኩ።

«ንገሪኝ እንጂ።»

«እሱን ለማን ትቼ ብላ ነው» አልኩት።

ጋሼ ይህን አያውቁም ነበር፤ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አባቴ አላያቸውም፤ እኔንም አላየኝም። ወደ መኝታ ቤቱ፣ ወደ ባዶው አልጋ ዞሮ፣ እናቴ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ቀረበ ስትለው ይመልስላት በነበረው ድምፅ ተናገረ።

«ደህና ነበርኩ እኮ» አላት። «መሄድ ትችዪ ነበር።»