ከአንድ የሚጀምረው ታላቁ ነው

ከጓደኛዬ ጋር የድሬን ፋብሪካዎች ኤሌክትሪክ ስንጠግን አብረን አርጅተናል። ማናችን ታላቅ እንደሆንን ግን ተስማምተን አናውቅም። እኔ ዕድሜዬን እሸራርፋለሁ፤ እሱ ደግሞ «ወላሂ፣ አንተ ስትዳር እኔ ብይ እጫወት ነበር» ይላል። በሠርጌ ቀን ጢሙን ተላጭቶ እንደመጣ አስታውሳለሁ።

የመጨረሻ ሥራችን አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። እያንዳንዱ ሞተር የሚነሳውም የሚቆመውም በራሱ መቆጣጠሪያ ነበር፤ እኛ መቆጣጠሪያዎቹን በአንድ ሽቦ አያይዘን ሁሉም ከአንድ ስክሪን እንዲታዘዙ ማድረግ ነበረብን። ጓደኛዬ ያን ዕለት ሲመሽ ጅቡቲ ልጁ ዘንድ ጠቅልሎ ሊገባ ነው።

«አቦ፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ ሲነሱ ሳላይ አልሄድም» አለኝ።

ለየመቆጣጠሪያው የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ቁጥር ይጠራል፤ የተጠራው ብቻ ይመልሳል። ሁለት መቆጣጠሪያዎች አንድ ቁጥር ከያዙ እኩል ይንጫጩና አንዱም አይሰማም። ስለዚህ የሞተሮቹን አዳራሽ እኩል ተካፈልንና ደንብ አወጣን፤ ታላቁ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት እያለ ይሂድ፣ ታናሹ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። ሁለታችንም ፈገግ ብለን ወደየጥጋችን ሄድን። በመጨረሻ እጁን ሰጠ ብዬ ደስ አለኝ።

ስክሪኑን ስናበራ አንድም ሞተር አልመለሰም።

ሽቦውን ጠረጠርን። ያንን ሁሉ ማያያዣ በዚያ ሙቀት እንደገና ከፈትን።

«ቀዩን ከጥቁሩ አትለይም፣ ዓይንህ ሄዷል» አልኩት።

«ወሪያ! ያንተ እጅ ሽቦ ይይዛል ወይስ ይጨፍራል?»

ስንሰዳደብ እሱን የሚወስደው ባጃጅ መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። የጅቡቲው መኪና አይጠብቅም። እኔ ተናድጄ ስለነበር ካቻቢቴ በያዘው እጄ ነው የተሰናበትኩት። ተሳፍሮ አንገቱን አወጣና «ግድ የለም፤ ዛሬ ታላቅነትህን አምነህ ከአንድ ጀምረሃል፣ ይበቃኛል!» ብሎ ሳቀ።

ባጃጁ ሄደ። ለካ እኔም እሱም የጀመርነው ከሁለት ነው።

ገብቼ የእኔን ቁጥሮች በሙሉ ቀየርኩ፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። ሞተሮቹ በየተራ ተነሱ፤ አዳራሹ ተናወጠ። ስልኩ ላይ ደወልኩ፣ አይሰራም፤ ከከተማው ወጥቷል። ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁለት።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፦ «አውራ ጣትህን አየሁት፣ ደህና ነው። ሞተሮቹስ?»

ካሜራውን በጣቴ ሸፍኜው ኖሯል። እስከዚያ ሥራውን አስረክቤ ነበርና ጥበቃዎቹ ዳግም አላስገቡኝም። አንድ ቃል ብጠይቀው ኖሮ፣ «ከስንት ጀመርክ?» ብለው፣ ጎኔ ቆሞ ያየው ነበር። እሱ ሊያየው የጓጓውን እኔ ብቻዬን አየሁት። ለብቻ ሲያዩት ደግሞ ሞተር ነው፤ ይዞራል።