የቁልፍ ቀራጩ ጓጉንቸር

ወንድሜ ቁልፍ ቀራጭ ነው። እኔ ታላቁ ስለሆንኩ ስለ እሱ ያሻኝን የመናገር መብት አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ በር ሲቆለፍበት የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። በሌላ በሌላው ጭምት ሰው ነው፤ በቁልፍ ከመጡበት ግን አፉን ሞልቶ ይናገራል። «እኔ የቆለፍኩትን የሚከፍት ገና አልተወለደም» ይላል። ተወልዳለች እኮ! ያውም እዚያው እቤቱ።

ትልቋን ልጁን ደንበኞቹ «መሐንዲሷ» ይሏታል። ስምንት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ በቀጭን ሽቦ አሮጌ ጓጉንቸር ስትጎረጉር ታመሻለች። ቀጭ ሲል አባቷ ያጨበጭባል። ሰው በተሰበሰበበት ሰዓት ይዞ ያስከፍታታል። እኔም፣ መዋሸት ምን ያደርጋል፣ አብሬ አጨብጭቤያለሁ።

አንድ ሰሞን ሌቦች የጎረቤታችንን ቤት ሰብረው ገብተው ሰውየውን ደብድበውት ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ እንቅልፍ አጣ። ፈቃድ አውጥቶ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ገዛ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ረጅም የብረት ሣጥን ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰረና እዚያ ውስጥ አቆመው። ጓጉንቸር የገዛው ሁለት ነው፣ አንድ ዓይነት። አንዱን ለሣጥኑ አደረገ፤ ሁለተኛውን ሱቅ ወስዶ ፈታትቶ ሆዱን መረመረና መልሶ ገጠመው። «እንዲህ ያለ ጓጉንቸር አይቼ አላውቅም» አለ። ከዚያስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «እስቲ ይህን ክፈቺ» ብሎ ለልጅቱ ሰጣት!

ጠመንጃው ደግሞ ጎርሶ ነው የሚቀመጠው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነበር።

«ጥይቱን አውጣና ሌላ ቦታ ቆልፍበት» አልኩት።

«እትዬ ደግሞ! ያልጎረሰ ጠመንጃ ከመጥረጊያ በምን ይሻላል? እስካጎርስ ሌባው ቆሞ ይጠብቀኛል?»

«ልጆች አሉ እዚህ ቤት።»

«ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሣጥኑ አጠገብ ዝር እንዳትሉ ብያቸዋለሁ።»

«መሐንዲሷስ? ያንኑ ጓጉንቸር አይደል እንዴ የምታስጎረጉራት?»

ሳቀብኝ። «ወር ሙሉ ታገለችው፣ አቃታት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።»

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ብዬ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ያለው እነሱ ሳሎን ውስጥ ነው፤ እናታቸው ነርስ ናትና ፈረቃ ስትገባ ልጆቹን የማየው እኔ ነኝ። እያደር ልጆቹ ጸጥ ማለት አበዙ። ልጅ ዝም ካለ አንድ ነገር አለ። መኪናዬን ሳቆም እነሱም ሹክሹክታቸውን ያቆማሉ። ብቅ ብዬ ሳይ የወላጆቻቸው አልጋ ላይ ደብተር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ትንሿ፣ የአራት ዓመቷ ሚጢጢ፣ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በእጇ ትይዛለች።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ምንም፣ አክስቴ።»

የሣጥኑን ጓጉንቸር ሳብ ሳብ አደረግኩት፤ ንቅንቅ አላለም። የቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ግን መርፌ የጫረው የሚመስል ቀጭን ጭረት ነበረው። ወንድሜ ሲመጣ ብነግረው «የራሴ ቁልፍ ነው የጫረው» አለኝ። አመንኩት። ባለሙያው እሱ ነው፣ ምን ልበል? ያን ቀን አፌን ባልዘጋ ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሜ ከሥራ ቀደም ብሎ ገባ። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሰላም ብሎኝ ወደ መኝታ ቤት አለፈ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ተነስቼ ስሄድ በሩ ላይ ደርቆ ቆሟል። በትከሻው አሻግሬ ሳይ ክው አልኩ። ሣጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠመንጃው አልጋው ላይ ተጋድሟል። ሚጢጢ አፈሙዙ ፊት ተንበርክካ አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ ውስጥ ታያለች። መሐንዲሷ በሰደፉ በኩል ናት፤ ጣቷ ምላጩ ላይ ነው። ኧረ የፈጣሪ ያለህ!

«የኔ ልጅ» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ፣ «እጅሽን ወደ ላይ አንሺልኝ።»

አነሳች። እሱ በሁለት እርምጃ ደርሶ ጠመንጃውን ነጠቀና ከመሃሉ አጥፎ ከፈተው። ሁለቱን ጥይቶች አውጥቶ ኪሱ ከተታቸው።

«አባዬ፣ ከፈትኩት!» አለች መሐንዲሷ ፊቷ በርቶ። «የሱቁን ከከፈትኩት ቆየሁ እኮ፤ ላስገርምህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«ይሄንን... ስንት ጊዜ ከፈትሽው?»

«ብዙ ጊዜ። መልሼ እቆልፈዋለሁ፣ አትቆጣ።»

«ምላጩንስ? ነክታችሁት ታውቃላችሁ?»

«ትናንት ሚጢጢ እኔ ላይ ሞከረች፤ ጣቷ ትንሽ ስለሆነች ጠጠረባት። ዛሬ ተራው የኔ ነበር።»

 ወንድሜ ሁለቱንም ጎትቶ አቅፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሚጢጢ ጠብቆባት «ልቀቀኝ፣ አመመኝ» እያለች ብትታገለውም አልለቀቃትም።