የያለምወርቅ ጆሮና የአቶ ስማቸው ድንጋይ

ያለምወርቅ ሰው ትንቃለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ከእሷ ብቅል ገዝቶ የማያውቅ ብቻ ነው። ከደብረ ወርቅ መጥታ ገበያው ላይ ብቅልና ጌሾ ስትሸጥ ፀጉሯ ሸብቷል። ባሏን ቀብራለች፣ ልጆቿን ድራለች፣ የማንንም ደጅ ግን አልጠናችም። ብቅሉን በጥርሷ ሰበር አድርጋ ጠላ አይወጣውም ካለች አለቀ። ሰውንም እንደዚሁ ናት፤ ቀመስ አድርጋ ትተፋዋለች።

አንድ የክረምት ማለዳ፣ ጉሙ ከተማውን ውጦት ሳለ፣ ከኪዳን ስትመለስ አንድ ጎረምሳ ከኋላዋ መጥቶ የወርቅ ጉትቻዋን መነተፈ። ጉትቻው ሄደ፣ ጆሮዋ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ነጠላዋ ደም በደም ሆነ። ልጁ አፉንና አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኗል። ሲሮጥ አንድ ጊዜ ዘወር አለና አወቀችው። የእድራቸው ዳኛ የአቶ ስማቸው ልጅ፣ ጌቱ ነው። መንገድ ላይ የነበሩትም አውቀውታል፤ ፖሊስ ሲመጣ ግን ሁሉም በጉሙ አመካኘ። ወይ ጉም! የጎረቤትን ዶሮ በጨለማ ከሌላው ዶሮ የሚለዩ ሰዎች ናቸው እኮ።

ጌቱ ተያዘ፣ ካደ፣ በዋስ ወጣ። ጉትቻውም ሳይገኝ ቀረ።

የጎረቤቱ ማጽናኛ ደግሞ ከቁስሉ ባሰ። ወርቅ አድርጋ በማለዳ ምን እንዳስወጣት ያልጠየቃት የለም። ከሳምንታት በኋላ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ስለ ወንጀል መከላከል ሥልጠና ተሰጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ክራባት ያሰረው አሠልጣኝ ሴቶች ወርቅ እንዳያደርጉ፣ ብቻቸውን እንዳይሄዱ፣ ሳይነጋ እንዳይወጡ መከረና ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ ተረተ። ያለምወርቅ ጆሮዋ በፋሻ እንደታሰረ ብድግ አለችና ሌባውንስ ምን እንዳያደርግ እንደመከረው ጠየቀችው። ሰው ሳቀ። አሠልጣኙ ከሻይ በኋላ እመለስበታለሁ አለ። ሻዩ ተጠጣ፣ እሱም በዚያው ሄደ።

ዐቃቤ ሕጉ ግን እውነቱን አልደበቃትም። ልጁ ፊቱን ሸፍኗል፣ ጉም ነበር፣ ሌላ ምስክር የለም። በእሷ ቃል ብቻ ከሆነ ጌቱ በነፃ ሊሰናበት ይችላል። ያን ዕለት እህል በአፏ አልዞረም። ወርቁስ ይቅር። ልጁ ነፃ ወጥቶ በደጇ እየሣቀ ሊያልፍ፣ እሷ ደግሞ የሰው ልጅ ስም የምታጠፋ አሮጊት ተብላ ልትቀር መሆኑ አንገበገባት።

አቶ ስማቸው ይህን አያውቁም። ቢያውቁማ አርፈው ቤታቸው ይቀመጡ ነበር። ጅብ ሲቸኩል ቀንድ ይነክሳል፤ የችሎቱ ቀጠሮ ሳይደርስ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቄስ አካለ ወልድንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ደጇ ከች አሉ። በአገሩ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይለምናል። የተበደለው ይቅር ለእግዚአብሔር እስኪል አያወርድም። አቶ ስማቸውም ተሸክመዋል። ድንጋይ ካሏት ነው እንጂ ነጭ ሽንኩርት መውቀጫ እንኳ አትሆንም። በዳዩ ጌቱ ደግሞ አብሮ አልመጣም።

ቄሱ ስለ ምሕረት ብዙ ተናገሩ። ልጅ ነው፣ ጓደኛ አሳስቶት ነው፣ እስር ቤት ቢገባ ጨርሶ ይበላሻል አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ደግሞ እምቢ ካለች ነገ ስትሞት ማን እንደሚቀብራት በጎን ጣል አደረገ። ያለምወርቅ ከት ብላ ሳቀች። ጆሮዋ ሲቀደድ ብቅ ያላለ እድር ለሬሳዋ ቢመጣ ምን ሊረባት! ልታባርራቸው አፏን ስትከፍት ዓይኗ ድንጋዩ ላይ አረፈ።

"አቶ ስማቸው፣" አለች ረጋ ብላ፣ "ይኼን ድንጋይ የተሸከሙት ስለ ምን ብለው ነው?"

"ልጄ አጥፍቷል፤ ማሪኝ ብዬ ነው፣ እትዬ ያለምወርቅ።"

"አባ፣ እርስዎም ሰምተዋል?"

ቄሱ መስማታቸውን ተናገሩ።

"እንግዲያው እርስዎን ይቅር ለእግዚአብሔር። ያውርዱት።"

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው፣ መርቀዋት ሄዱ። ነገሩ ያለቀ መስሏቸዋል፣ ምስኪኖች! በማግስቱ ያለምወርቅ ገበያ ሳትወጣ በቀጥታ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄደች።

ችሎት ላይ ጌቱ አልሠራሁም አለ። ጠበቃው ጉሙን እያነሣ ያለምወርቅን ሲያፋጥጣት ቆየ። ከዚያ ቄስ አካለ ወልድ ለምስክርነት ተጠሩ። መጀመሪያ ለሰላም ብለን ነው የሄድነው እያሉ ሊያድበሰብሱት ሞከሩ። ዐቃቤ ሕጉ አባትየው ድንጋዩን ተሸክመው ምን እንዳሉ ሲጠይቃቸው ግን የጨበጡትን መስቀል አዩ፣ አቶ ስማቸውን አዩ። መስቀል ጨብጠው ሊዋሹ አልሆነላቸውም፤ የሰሙትን እንዳለ ተናገሩ። ላልተሠራ ጥፋት ድንጋይ የሚሸከም አባት እንደሌለ ዳኛውም የአገሩ ልጅ ናቸውና ያውቃሉ። ጌቱ ጥፋተኛ ተባለ።

ቅጣቱ ሊወሰን ሲል ጠበቃው በሽምግልና ስለታረቁ ይቅለልለት ብሎ አመለከተ። ዳኛው እውነት እንደሆነ ያለምወርቅን ጠየቋት።

"አባቱን ይቅር ብያለሁ፤ የተሸከሙት እርሳቸው ናቸው። እሱ ግን እዚሁ ፊትዎ ቆሞ አልነካኋትም ብሏል። ካልነካኝ ምኑን ልማረው?"

ቅጣቱም አልቀለለለትም።

አቶ ስማቸው ከዚያ ወዲህ በደጇ አያልፉም። ያቺ ድንጋያቸው የብቅል ጆንያዋ አፍ ላይ ተጭናለች። ጌቱ ሲፈታ መጥቶ ይሸከማት እንደሆነ ለሚጠይቋት፣ ይቺ የአባቱ ናት ትላለች። ለእሱ የሚሆነውን ትልቁን መርጣ ከደጇ አስቀምጣለታለች።