ክትፎ ያስተወኝ ጎማ

ክትፎ አልበላም። ይህን ስናገር አገሬ ቡታጅራ ያለ ሰው ሁሉ እንደ በሽተኛ ነው የሚያየኝ። ሰርግ ላይ፣ መስቀል ላይ፣ ሰው ቤት ተጠርቼ፣ ጣባው ቀርቦ ቅቤው ሲያብረቀርቅ ፊቴን አዞራለሁ። «ጨጓራ ነው?» ይሉኛል። «አዎ፣ ጨጓራ ነው» እላለሁ፤ ምን ልበል? ሰው ደስ ሲለው «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ይላል፤ እኔ ያቺን አባባል ስሰማ እንኳ ያቅለሸልሸኛል። ጨጓራ አይደለም። ያስተወኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱና የጭነት መኪናው የፊት ጎማ።

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ትንሽ ፍራንክ የቋጠረ ነጋዴ ሁሉ መኪና ገዢ ሆኖ ነበር። የሚስቴ ወንድምም ወልቂጤ ላይ ቅቤና እህል ይነግድ ነበርና አንድ ያረጀ የጭነት መኪና ገዛ፤ እኔን ሹፌር አደረገኝ። ከወልቂጤ ተነስቼ የጊቤን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ከማዶ በቆሎ ጭኜ እመለሳለሁ። ጊቤን የወረደ ሰው ያውቀዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በአንድ በኩል ተራራ ነው፣ በሌላው በኩል ገደል። እዚያ ላይ ፍሬን እምቢ ካለ ሌላ የሚይዝህ ነገር የለም።

ጋሼ ግን ገንዘብ ከኪሱ ሲወጣ ነፍሱም አብራ የምትወጣ ይመስለዋል። የሚስቴን ወንድም ጋሼ የምለው ታላቅ ስለሆነ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም። ፍሬኑ ሲጮህ ስንት ወር ከረመ። በረገጥኩት ቁጥር መኪናው ወደ ግራ ይጎትተኛል፣ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ የፍሬኑ ሸራ አልቋል» ስለው፣ «ከመነሳትህ በፊት ትጸልያለህ?» ይለኛል።

«እጸልያለሁ።»

«እንግዲያው ምን ያስፈራሃል?»

ኤጭ! እኔ መች ጸሎት ጠላሁ? አንድ ቀን መረረኝና፣ «ጸልየን ሸራውንም ብንቀይር ጌታ ይቀየማል?» አልኩት። ጌታ ይቀየም አይቀየም እንጃ፣ እሱ ግን ተቀይሞ ሰላምታ ነሳኝ።

በዚህ መሀል ከጊቤ ማዶ የተዳረችው የሚስቴ ታናሽ እህት ወለደች። አማቴ ቸሃ ሆነው ወሬው ሲደርሳቸው እግራቸው መሬት አልረግጥ አለ። ገንፎው፣ የገብስ ዱቄቱ፣ ቆጮው፣ ቅቤው ተዘጋጅቶ ሴቶቹ ሁሉ በጋሼ መኪና አራሷን ሊጠይቁ ተቆረጠ። ሹፌሩ እኔ ነኝ። ተሳፋሪዎቹ አማቴ፣ ሚስቴና ሁለት አክስቶቿ ናቸው።

በቆሎ ቢገለበጥ በቆሎ ነው፣ ይለቀማል። እነዚህን ይዤ በዚያ ፍሬን ጊቤን ልወርድ? ሱቁ ሄድኩና የመኪናውን ቁልፍ ቅቤ የሚመዝንበት ሚዛን ላይ ጣልኩት። «ሌላ ሹፌር ፈልግ» አልኩት። «ወይ ፍሬኑ ይሠራል፣ ወይ ለእናትህ ለምን እንደቀረሁ ራሴ እነግራቸዋለሁ።» እናቱ የምትለዋ ቃል ሠራች። ፊቱን ቋጥሮ፣ «ጋራዥ ውሰደው» አለኝ።

ጋራዡ ከወልቂጤ ገበያ ጀርባ ነበር፤ መሬቱ በዘይት ጠቁሮ ጫማ የሚያጣብቅ። መካኒኩ በክሪክ አንስቶ የፊቱን ጎማ አወጣ፣ ሸራውን የሚሸፍነውን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ ሳበው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቆሻሻ አልወድም፤ ሹፌር ሆኜም እጄን በቀን ስንቴ እንደምታጠብ ሚስቴ ታውቃለች። ያየሁት ነገር ግን ከቆሻሻም በላይ ነው። ሸራው አልቆ፣ እሱን የያዘው የብረት ምስማር፣ ሪቬቱ፣ ታምቡሩን እያረሰው ኖሯል። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ውስጥ ያለው የማለስለሻ ግራሶ ቀጥኖ፣ ከብረት ፍቅፋቂና ከአቧራ ጋር ተለውሶ፣ እንደ ጉንፋን ንፍጥ ይዝረበረባል። ሰውነቴን ቀፈፈኝ። በዚህ ነው ስወርድ የከረምኩት? ለካ እስከዛሬ ያወረደኝ ፍሬን ሳይሆን የእናቴ ምርቃት ነው!

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የሚሠራውን ነገረን። ሸራው በአዲስ ይቀየራል። ኩሽኔታው ገና ነው፣ ታጥቦ አዲስ ግራሶ ይሞላል። ግራሶው ወደ ፍሬኑ እንዳይፈስ የሚከለክለው የጎማ ቀለበትም ተቀዷልና እሱም ይቀየር አለ። ጋሼ ሸራውን እያቃሰተ ገዛ። ስለ ቀለበቱ «እሱ እንኳ ይቆየን» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ይሄኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ፤ ጋሼ ገንዘብ አውጥቶ ፈገግ ብሎ አያውቅም።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? በአውቶቡስ ሂድና እነእናቴን ከቸሃ ይዘህልኝ ና። ግራሶውን እኔ ራሴ አመጣለሁ።»

ሄድኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹን ይዤ ስመለስ መኪናው ታጥቦ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። ጋሼ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ረጅም ጸሎት ጸለየልን፤ መንገዱን ባረከ፣ ጎማዎቹን ሳይቀር ባረከ። ሚስቴና አክስቶቿ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጡ፣ አማቴ ጋቢና ከእኔ ጋር ገቡ።

«ጋሼ፣ የወለደችው እኮ እህትህ ናት፤ አብረኸን አትሄድም?» አልኩት።

መጀመሪያ ሱቁን የሚጠብቅ ሰው የለም አለ። አማቴ ጎረቤት ይጠብቅልሃል ሲሉት ወገቡን አመመው። ወገብህን ጋቢና ውስጥ ታሳርፈዋለህ ስለው ደግሞ የቸርች ስብሰባ ትዝ አለው። መኪናውን ከገዛ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ተሳፍሮበት ጊቤን እንዳልወረደ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ማዶ ጉዳይ ሲኖረው በአውቶቡስ ነበር የሚሄደው።

ከወልቂጤ እንደወጣን ፍሬኑን ሞከርኩት። ቀጥ አድርጎ ያዘ። ደስ አለኝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። አማቴም ጨዋታ ጀመሩ።

«ክረምት ላይ የላክሁላትን ቅቤ ያደረስክላት አንተ ነህ?»

«የቱን ቅቤ እናታችን?»

«ገና ነፍሰ ጡር ሳለች፣ እንድትጠነክር ብዬ፣ አንጥሬ በቅል ለወንድሟ ሰጥቼው ነበር፣ በመኪናው እንዲልክላት። ደርሷታል፣ እጅሽ ይባረክ ብላለች ብሎኛል።»

እኔ ያንን ቅል በዓይኔ አላየሁትም። ግን እናትና ልጅ መሀል ምን አገባኝ? «በሌላ ሰው ልኮት ይሆናላ» ብዬ ዝም አልኩ።

ትንሽ እንደሄድን ክትፎ ሸተተኝ። እውነቴን ነው፤ ምጣድ ላይ የተጣደ፣ ቅመም የገባበት ቅቤ። ቁርስ ስላልበላሁ ምራቄ መጣ። ዛሬም ድረስ የማፍረው በዚያች ምራቅ ነው። አማቴም አሸተቱና «ወይኔ፣ የአራሷ ቅቤ ፈሰሰ!» አሉ። ላቆም ፍሬኑን ረገጥኩ። መኪናው አልቆመም። ደግሜ ረገጥኩ፤ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ እንደምንም ከመንገዱ ዳር ካለ የአፈር ክምር ጋር አስጠግቼ አቆምኩት።

ቁልቁለቱ ከፊታችን ካለው ኩርባ ቀጥሎ ይጀምር ነበር።

ሴቶቹ ዘለው ወርደው ጥቅላቸውን ፈተሹ። ቅቤው በኮባ እንደተጠቀለለ ነው፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሽታው ከሥር ነው። ጎንበስ ብዬ የፊቱን ጎማ ሳይ ከመሀሉ ጥቁርና ቢጫ የሆነ ነገር እየተንጠባጠበ ቸርኬው ላይ ይወርዳል። በጣቴ ነካሁት፤ ይፋጃል። አሸተትኩት። የሻገተ ቅቤ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ትንሽ ኮረሪማ። እፍ! ኮረሪማ፣ ጎማ ውስጥ! እዚያው መንገድ ዳር አስታወከኝ። ሚስቴ ጀርባዬን እየመታች «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ትላለች።

አዙሬ፣ ጎማው እስኪበርድ እየቆምኩ፣ በአንደኛ ማርሽ እየዳኸን ወልቂጤ ተመለስን። በቀጥታ ጋራዡ ገባሁ። መካኒኩ ጎማውን ሲያወጣው ያ የቀለጠ ነገር በተቀደደው ቀለበት በኩል ፈስሶ አዲሱ ሸራ ወጥ እንደጠጣ እንጀራ ርሷል።

«ምንድን ነው ያጎረስከው አንተ ሰው?» ብዬ ጮህኩበት።

«ባለቤቱ ያመጣውን ነዋ!» አለ እሱም ተቆጥቶ። «ከተቃጠለ ዘይት ጋር የሆነ ነገር ቀላቅሎ ነው ያመጣው። እንደ ግራሶ ጠቁሮ፣ ወፍሮ ነበር። ሽታው አላማረኝም፣ ግን የራሱ መኪና ነው፤ እኔ ምን አገባኝ? ይኸው የተረፈውም አለ።» ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አንድ ቅል አወጣ።

አማቴ ከጋቢና ወረዱ። ቅሉን ተቀብለው አዟዟሩት። የማንጠልጠያው ገመድ ቃጫ ነው፤ በእጃቸው የጎነጎኑት። ዘይቱ አጥቁሮታል እንጂ ጉንጉኑ አልተፈታም።

«ይህቺ የኔ ቅል ናት» አሉ። «ልጄን ጥሩልኝ።»

ጋሼ መጣ። ሸሚዙ እንደነጣ ነው። «ጌታ ይመስገን፣ ምነው በሰላም ተመለሳችሁ?» አለ። ከዚያ ቅሉን አየ።

«እማ፣ ቅቤው ሻግቶ ነበር» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ሱቅ ውስጥ ረሳሁትና ሸተተ። ከሚደፋ ብዬ ነው። ግራሶ መቼም ቅባት ነው፣ ይሄም ቅባት ነው ብዬ...»

«ደረሳት ወይ ስልህ ምን አልከኝ?»

ጋሼ የሸሚዙን ኮሌታ ማስተካከል ጀመረ።

«እጅሽ ይባረክ ብላለች፣ አላልከኝም?»

ያ ጸሎት የሚያዘንብ አፍ ተለጎመ። እኔ እርግማን ጠበቅኩ፤ የእናት እርግማን ቀላል ነገር አይደለም። አማቴ ግን አልረገሙም፣ ድምፃቸውንም አልጨመሩም። እጃቸውን ቅሉ ውስጥ አስገብተው ያንን ጥቁር ነገር ዘገኑ።

«ዝቅ በል» አሉት።

«እማ፣ ሰው ያያል!»

«ዝቅ በል አልኩህ።»

ዝቅ አለ። ሙሽራ ልጃቸውን እንደሚቀቡት አድርገው አናቱ ላይ አኖሩለት፣ በጣታቸው ወደ ጸጉሩ አዳረሱለት። ቅንድቡ ላይ ወረደ፣ ጆሮው ሥር ገባ፣ ነጩ ኮሌታ ጠጣው። አንድ መካኒክ ሳቁ ሲያመልጠው ጨርቁን አፉ ውስጥ ወተፈ። እኔ አንድም ደስ አለኝ፣ አንድም እንደገና ሊያስታውከኝ ደረሰ።

«አሁን መኪናው በደንብ ይሠራ» አሉ አማቴ እጃቸውን እየጠረጉ። «አንተም አብረኸን ትሄዳለህ።»

«እሺ፣ እንግዲያው ልታጠብ።»

«አትታጠብም።»

በዚያ ቀን እላዩ ላይ ቆሜ አሠራሁት። ኩሽኔታው በቤንዚን ታጠበ፣ ያ «ይቆየን» የተባለው የጎማ ቀለበት ተቀየረ፣ ሸራው እንደገና በአዲስ ተተካ፣ ግራሶውን ከነጣሳው እኔ ራሴ ገዝቼ ክዳኑን ራሴ ከፈትኩ። ከዚያ ጋሼን በእኔና በእናቱ መሀል አስቀምጠን ወረድን። ፀሐዩ በመስታወቱ ሲመታው አናቱ ላይ ያለው ቅቤ መቅለጥ ጀመረ። ዝንብ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ጋቢናውን ሞላው። አፍንጫዬን በመስኮት አውጥቼ ነው የነዳሁት። በየኩርባው ስረግጠው ፍሬኑ ቀጥ እያደረገ ይይዝልኛል። ጋሼ ግን በሁለት እጁ ከፊቱ ያለውን ብረት ጨብጦ፣ ገደሉን እያየ፣ ከንፈሩ ደርቋል። እኔን ስንት ጊዜ የላከበትን መንገድ ያን ቀን አየው።

ማዶ ስንደርስ ሴቶቹ እልል እያሉ ገቡ። አራሷ ልጇን ታቅፋ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ክስት ብላ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ ሊስማት ጎንበስ ሲል እጇን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«ምነው ወንድምዬ፣ ራስህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

አማቴ የአራሷን ልብስ እያስተካከሉ፣ ቀና ሳይሉ መለሱላት።

«ክረምት የላክሁልሽ ቅቤ ነው ልጄ። ይኸው፣ አደረሰልሽ።»